በሰርግ ማግስት ያረስነው ወሰን

በእኛ ዕድሜ፣ ልጄ፣ ወሰን የሚያርስ ሰው አልነበረም። ተቀመጪ እንጂ! እዚያ ፀሐዩ ላይ አይደለም፣ ወደ ጥላው ቀረብ በይ፣ ስልክሽንም እዚህ ድንጋዩ ላይ አድርጊው፣ እሱም ይስማ። እናንተ የአዳማ ልጆች ወሰን ስትባሉ የብሎኬት አጥር ነው የሚታያችሁ አይደል? ከላዩ የጠርሙስ ስብርባሪ የተሰካበት። የእኛ ወሰን እንደዚያ አይደለም። የእኛ ወሰን መሬት ነው፣ ማንም የማያርሰው መሬት። ሁለት ጎረቤት ጎን ለጎን ሲያርስ መሃሉ ላይ አምስት እርምጃ ያህል ይተዋል፣ በሬ የሚመለስበት፣ ሰው የሚሄድበት፣ ሣር የሚታጨድበት። ሣሩን አንድ ዓመት አንተ ታጭዳለህ፣ አንድ ዓመት እሱ ያጭዳል። ታዲያ አንድ ሰው በማረሻው አንድ ትልም ገፋ አድርጎ ቢገኝ አለቀለት፣ "ወሰን ገፊ" ይባላል፣ ሴት ልጁን የሚጠይቀው፣ ለወንድ ልጁም የሚሰጠው አያገኝም።

የእኔና የበሪሶ ወሰን ያው ከመልካሳ ወደ ሶደሬ ስትሄጂ ወደ አዋሽ ዘቅዘቅ በሚለው በኩል ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፍቶ ነበር፣ ኋላ መሬቱ ጣመውና ገበሬ ሆኖ ቀረ። የበሪሶ አባት የአርሲ ሰው ነው፣ ያገሩ። እና ያን ወሰን ያሰመሩት ሁለቱ አባቶች ናቸው፣ ጃርሳዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ማለቴ ነው፣ ቆመው እያዩ። ጫፍና ጫፉ ላይ ቅንጭብ ተከሉ፣ መሃሉን ተዉት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ራሱ ያሻውን አበቀለ። ግራር በቀለ፣ እሬት በቀለ፣ ሣሩ ወገብ ያህል ሆነ፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ አበባው! ቢጫ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። ነፍሳቱስ? ማን ይቆጥራቸዋል? ጢንዚዛው፣ ፌንጣው፣ ቢራቢሮው፣ ወገበ ቀጭኑ ተርብ፣ የቤት ንቡ፣ የዱር ንቡ፣ ጥፍር የማታክል ጥቁር ንብ አለች እሷም። ጣዝማ ነበረን! ጣዝማን ታውቂያታለሽ? መሬት ውስጥ የምትኖረዋ፣ የማትናደፈዋ። አባቴ እኛን ሳል ሲይዘን በቀጭን እንጨት ቀዳዳዋን ፈልጎ ማሯን ትንሽ ይወስድና መልሶ በአፈር ይደፍንላት ነበር፣ "ቤቷን አታፍርሱባት" እያለ።

እኔ ግን ያን ሁሉ ነፍሳት ለምንድን ነው ብትዪኝ ኖሮ፣ "ሥራ ፈት ናቸው፣ ወሰን ላይ ይዞራሉ" ነበር የምልሽ። እውነቴን ነው። ስልሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ሥራቸውን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ልጄ ሰይድ አደገና የበሪሶን ልጅ መኪያን ወደደ። የት ያያት ይመስልሻል? እዚያው ወሰኑ ላይ ነዋ! እሱ ሣር ሲያጭድ እሷ ለአባቷ ምሳ ይዛ ስታልፍ። ሽማግሌ ላክን፣ በሪሶም አላስቸገረን፣ ሰርግ ሆነ። ያ ሰርግ! በሬ ታርዶ፣ ዘመድ ከአርሲ ነገሌ ድረስ መጥቶ፣ መንዙማው ደመቅ ብሎ፣ አርሲና ወሎ የተገናኙ ነው የሚመስለው። እና እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲሰበሰብ አፌ አያርፍም። ብድግ አልኩና፣ "ስሙኝማ! እስከ ትናንት ጎረቤት ነበርን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ ነን፣ አንድ ቤት ነን። ታዲያ በአንድ ቤት መሃል ወሰን ምን ያደርጋል? በሪሶ፣ ወሰናችንን እናርሰው!" አልኩ።

በሪሶ ዘሎ ተነሳ። "ዱጋ! ዱጋ!" አለ፣ እውነት ነው ማለቱ ነው፣ አቀፈኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታ ደግሞ ሰውን ያሳብዳል፣ ቢያጨበጭቡልኝ ኖሮ ቤቴንም አፍርሼ አንድ እናድርገው እል ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፣ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው፣ "ወሰኑ ምን አደረጋችሁ?" አሉ። እንዲህ ብቻ። "ምንም አላደረገንም፣ አባቴ፣ ዘመድ ስለሆንን ነው እንጂ" አልኳቸው። "እኔ የጠየቅኩህ እሱን አይደለም" አሉኝ። እኛም ሳቅን። የሽማግሌ ነገር ነው አልን፣ እኔ ራሴ ሽማግሌ መሆኔን ረስቼ!

በሰርጉ ማግስት በሪሶ ትራክተር ይዞ መጣ። ከች ያለው በጠዋት ነው፣ ገና የሰርጉ ድንኳን ሳይፈርስ። ግራሩ ተነቀለ፣ እሬቱ ተነቀለ፣ ሣሩ ተገለበጠ፣ የጣዝማዋ ቀዳዳ የት እንደነበር እንኳ ጠፋ። ከቦዩ አጠገብ ያለችው ሾላ ብቻ ተረፈች፣ እሷም የተረፈችው የትራክተሩ ሹፌር "ይችን ብነካ ማረሻዬ ይሰበራል" ስላለ ነው። ቅንጭቡም ጫፍና ጫፉ ላይ ጥቂት ቀረ። እና መሃሉን ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት አለበስነው፣ ግራና ቀኙን ዱባ። የመጀመሪያው ሽንኩርት ወላሂ አማረ! ያረፈ መሬት አይደል? እኔም መልካሳ ገበያ ላይ ደረቴን ነፍቼ፣ "አያችሁ፣ ፍቅር ሲታረስ እንዲህ ያበቅላል" እላለሁ። ሰውም "እውነቱን ነው" ይለኛል።

ሽንኩርቱ ግን ተባይ መጣበት። ትሪፕስ የሚሉት ደቃቅ፣ ቅጠሉን የሚያነጣው። እና መድኃኒት እንረጫለን፣ ሰይድ ታንኩን ያዝላል፣ እኔ አዛለሁ። በማለዳ ነው የምንረጨው፣ ሳይሞቅ፣ ነፋስም ሳይነሳ። "በማለዳ የተነሳ ገበሬ" ተብዬ እመሰገን ነበር እኮ!

ታዲያ በሁለተኛው ዓመት ዱባው አበበ። አበባው ስትይ! ማሳው በሙሉ ቢጫ ሆኖ፣ በመኪና የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ። እኔም "ዘንድሮ ዱባውን የት እናስቀምጠው ይሆን?" እላለሁ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ፣ አበባው ይረግፋል፣ ከሥሩ ያለችው የዶሮ እንቁላል የምታክል ዱባ ቢጫ ትሆንና እሷም ጠብ። አንዷ ጠብ፣ ሌላዋ ጠብ። የቀረችው ደግሞ አንድ ጎኗ አብጦ አንድ ጎኗ የተጨመደደ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጭ የመሰለች። ቅጠሉን ስትገለብጪው ክሽክሽ የምንለው ደቃቅ ተባይ ተለጥፎበት ይመጠዋል። ውሃ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ መድኃኒት ጨመርኩ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

አሁን የሚያሳፍረው ነገር መጣ። መኪያ እኛ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል፣ ገና አላረገዘችም። ዱባውም አያፈራም። የሰው አፍ ታዲያ ሁለቱን ሰፍቶ አንድ አደረጋቸው። "እሷ ከገባች ወዲህ ነው" ተባለ። "እግረ ደረቅ ናት" ተባለ። ማን ጀመረው ብትዪኝ እንጃ፣ ከሰፈር ነው የወጣው፣ የሰፈር ወሬ አባት የለውም። ባለቤቴ ከድጃ ሰማች፣ ከድጃ ደግሞ የሰማችውን የምትጥል ሴት አይደለችም። "አንቺ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሳው ውስጥ እንዳትገቢ፣ ቤት ዋዪ" አለቻት። መኪያም ከበሯ ላይ ሆና ዱባውን ታየዋለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር፣ እውነት እልሻለሁ፣ ግን ምን እላለሁ? ሰይድም ወጥቶ ይገባል፣ ምግብ አይበላም።

ወሬው ወሰን ስለሌለው ለበሪሶ ደረሰው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ማሳውን አቋርጦ መጣ፣ በትሩን ይዞ። ሰላምታ የለ፣ "አካም" የለ፣ ምን የለ።

"ያ ይማም፣ አንተ! ልጄን እግረ ደረቅ ብላችኋታል?" አለኝ።

"እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው" አልኩት።

"ሰው የማን ሰው ነው? ስማ፣ በእኔም በኩል ዱባዬ ረግፏል። እኔ ቤት ማን ገባ? የእኔን ዱባ ማን ረገጠው? ወይስ የልጄ እግር ከአንተ ቤት እስከ እኔ ቤት ይደርሳል?"

እኔ የረገፈች ዱባ አንስቼ በእጄ አገላብጣለሁ።

"የዱባው ሁለተኛ አበባ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ይህን ስም ከላይዋ ካላነሳችሁ ልጄን እወስዳለሁ። ረቢ ምስክሬ ነው" አለኝና ዞሮ ሄደ። በዚያው ያረስነውን ወሰን አቋርጦ ሄደ። ከድጃ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች፣ "አሁን ምን ይሻላል?" አለች። እኔ ምን አውቃለሁ?

ሰይድ ግን የዚያኑ ዕለት ባጃጅ ተሳፍሮ መልካሳ ወረደ። በማግስቱ አንዲት ሴት ልጅ ይዞ መጣ፣ ሂሩት የምትባል የእርሻ ባለሙያ፣ አንቺን ብታክል ነው። ኮፍያ አድርጋ፣ የቢራቢሮ መያዣ መረብ በእጇ፣ ቢጫ ቢጫ ጎድጓዳ ሳህን ተደራርቦ በከረጢት። እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ፣ "ልጄ፣ ሳህኑ የማን ምሳ ነው?" አልኳት። "የነፍሳት ነው፣ አባቴ" አለችኝ ሳትደናገጥ። ሳህኑ ውስጥ ውሃና ትንሽ ሳሙና አደረገች፣ ነፍሳት ቢጫውን አበባ መስሏቸው ይገቡበታል አለች። አንዱን ዱባው መሃል አስቀመጠች፣ አንዱን ሾላዋ ሥር፣ አንዱን ደግሞ ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር፣ ቁጥቋጦው ያልተመነጠረበት ቦታ ላይ።

በማግስቱ ሰበሰበችው። በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችና "ይዩት" አለችኝ። ከአዋሽ ዳር የመጣው ያልኩሽ ሁሉ አለ፣ ያ የልጅነቴ ወሰን ጨርቅ ላይ ተኝቷል! ጥቁሯ ንብ፣ አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው፣ ተርቡ፣ ቀይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጢንዚዛ። ሾላዋ ሥር ትንሽ ትንሽ አለ። ከእኛ ማሳ የወጣው ዝንብ ነው፣ ዝንብና ክንፍ ያወጣ ክሽክሽ። በቃ። ሱብሃነላህ አልኩ። እኔ እኮ አለመኖራቸውን አላየሁም ነበር! ሲመጡ አይታወቁ፣ ሲሄዱ አይታወቁ።

"እዚህ መሃል ላይ ወሰን ነበራችሁ?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ቅንጭቡ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀርቷል እኮ።"

እና ሁሉንም ነገርኳት፣ ሰርጉን፣ እልልታውን፣ ትራክተሩን። እሷም በእርጋታ አስረዳችኝ። ንብ ሁሉ ቀፎ ውስጥ አይኖርም አለች። ብዙዎቹ ያልታረሰ መሬት ቆፍረው ነው የሚኖሩት፣ ደረቅ እንጨት ውስጥም የሚፈለፈል አለ። ዱባው ሲያልቅ የሚቀስሙት ሌላ አበባ ይፈልጋሉ፣ እሱ ደግሞ ወሰኑ ላይ ነበር። ያ ተርብ፣ ያቺ ጢንዚዛ፣ ክሽክሹን የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ መጠለያቸው ሣሩ ነበር። "ቤታቸውንም ምግባቸውንም በአንድ ጠዋት አረሳችሁት" አለችኝ።

እኔ ግን በቀላሉ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። "ንብ ከሆነ የቸገረን ቀፎ አመጣለሁ" አልኳት።

"ያምጡ። መድኃኒት መቼ ነው የሚረጩት?"

"በማለዳ!" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"የዱባ አበባ መቼ ነው የሚከፈተው?"

የዱባ አበባ ሲነጋ ተከፍቶ ፀሐይ ሲበረታ ይዘጋል፣ ይህን እንኳ አውቃለሁ።

"እንግዲህ ትሪፕሱ የሽንኩርቱ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ተኝቷል፣ ንቧ ደግሞ አበባው ላይ ሥራ ላይ ናት። እርስዎ በማለዳ የሚረጩት ማንን ነው?"

ወይ ይማም! በማለዳ የተነሳው ጎበዝ ገበሬ!

ከድጃ ግን አላመነችም። "ንብ ነው ንብ ነው ትያለሽ፣ እግር ቢሆንስ?" አለቻት ፊት ለፊት። ሂሩት አልሳቀችባትም፣ ይህን ወደድኩላት። "እሺ እናቴ፣ እንሞክረዋ" አለች። ከዱባው አንድ አበባ ቀጠፈች፣ "ይህ ወንዴው ነው፣ ይህች ከሥሯ ትንሽ ዱባ የያዘችው ደግሞ ሴቴዋ" አለች። ከድጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ በሰው ፊት እንዲህ ይባላል እንዴ? እኔ ደግሞ ያን ወንዴ የምትለውን ዕድሜ ልኬን "ቦዘኔ አበባ" ነበር የምለው፣ ፍሬ ስለማይዝ። የወንዴውን ዱቄት ሴቴዋ ላይ ነካ ነካ አደረገችና፣ "ንቧ የምትሠራው ይህን ነው። አሁን ንብ ስለሌለ በሰው እጅ እንሥራው። ማነው ሲነጋ የሚነሳ?"

ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ መጣ። "እኔ" አለች መኪያ።

ከድጃ ቀልጠፍ ብላ "እሷ ማሳ አትገባም" አለች። ሰይድ አየኝ። እኔም፣ "ትግባ" አልኩ። "ከእንግዲህ ምን ይቀረናል? ትግባ።"

እና መኪያ ሦስት ጠዋት ተነሳች። ጎንበስ ብላ፣ ከአበባ አበባ። የነካቻትን እንዳትስት ከሻሿ ጫፍ ቀይ ክር እየመዘዘች እግሯ ላይ ታስርላታለች፣ የዱባዋ አገዳ ላይ ማለቴ ነው። ያልነካችውን እንዳለ ተወችው፣ ሂሩት "ግማሹን ተዪ፣ ለማነጻጸር" ብላታለች። እኛም ጠበቅን። በሪሶም በዚያ በኩል ቆሞ ያያል፣ አያናግረኝም፣ ግን ያያል።

ሳምንት ሞላ፣ ከዚያ አለፍ አለ። አንድ ጠዋት ከድጃ ብቻዋን ማሳ ገባች። እኔ ከሩቅ አያታለሁ፣ ጎንበስ ትላለች፣ ቅጠሉን ትገልጣለች፣ ትሄዳለች፣ ደግማ ትገልጣለች። ክር የሌላት ረግፋለች። ቀይ ክር ያላት ጡንቻ አውጥታ፣ ክብ ሆና ተቀምጣለች። ሁሉም አይደሉም፣ ሁለት ሦስቱ ጠፍተዋል፣ ግን ዱባ ያለው ቀይ ክሩ ያለበት ነው። ከድጃ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። መኪያን ጠራቻት፣ እጇን ሳመቻት፣ እግሯንም ልትስም ስትል ልጅቷ ሸሸች። "እጇ ነው! እጇ በረካ ነው!" ትላለች። ሂሩት ስትሰማ፣ "እጇም አይደለም፣ እግሯም አይደለም እናቴ፣ የንብ ሥራ ነው የሠራችው" አለች። ከድጃ "እሺ" አለች፣ ግን እስከ ዛሬ በልቧ እጇ ነው።

በሪሶም መጣ። አቀፈኝ። ትልልቅ ሰዎች ሆነን የሁለታችንም ዓይን እንባ አቀረረ።

አሁን ወሰኑ መመለስ አለበት። ልጅቷ መኪያ በየማለዳው የንብ ሥራ ስትሠራ ትኑር እንዴ? ግን ችግሩ ይህ ነው፣ አማቾች ወሰን ካሰመሩ ሰው ምን ይላል? "ማሎ፣ እባክህ ይማም፣ ትዳሩ ፈረሰ ይሉናል" አለ በሪሶ። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ዘመድ መሬት የሚካፈለው ሲጣላ ነው። ስለዚህ በግልጽ፣ በሽማግሌ ፊት ይሁን ተባባልን፣ ኦቦ ቱሉን ከነጓደኞቻቸው ጠራን።

መጡ፣ ሾላዋ ሥር ተቀመጡ። ኦቦ ቱሉ ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ "ምን ተጣላችሁ?" አሉ።

"አልተጣላንም" አልን ሁለታችንም።

"ታዲያ ለምን ጠራችሁን?"

"ወሰን እንድትሰጡን።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "እኛ ስንሸመግል የኖርነው የተጣላ ሰው ነው። አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ እንፈርዳለን። ክስ የሌለው ሽምግልና አናውቅም። ክሰስ!" አሉኝ ኦቦ ቱሉ።

ምን ልክሰስ? አሰብኩ አሰብኩና፣ "በሪሶን እከሰዋለሁ፣ እኔ ሰርግ ላይ የማይሆን ነገር ስናገር ዝም በል ማለት ሲገባው ትራክተር ይዞ መጣ" አልኩ።

"አንተስ?" አሉት።

"እኔም ይማምን እከሰዋለሁ፣ አፉ ጣፋጭ ነው፣ ሴቶቹን እልል አስብሎ አሳበደኝ!"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኦቦ ቱሉ ግን አልሳቁም፣ እኚህ ሰውዬ መቼም አይስቁም። ብድግ አሉና ማሳውን በዓይናቸው ለኩት። "ሁለታችሁም ጥፋተኛ ናችሁ። የድሮው ወሰን አምስት እርምጃ ነበር። ቅጣታችሁ፣ አንተም አምስት፣ እሱም አምስት ትለቃላችሁ። ዐሥር እርምጃ! ማንም እንዳያርሰው፣ ማንም እንዳይረጭበት።" ኧረ አባቴ፣ ሽንኩርቱስ ብል፣ "ሰርግ ላይ ጠይቄህ ነበር፣ ወሰኑ ምን አደረጋችሁ ብዬ። አሁን መልስ አለህ?" አሉኝ። "አለኝ አባቴ" አልኩ። "ተናገር።" "ምንም አላደረገንም፣ ያበላን ነበር እንጂ" አልኳቸው። ያኔ ነው ትንሽ ፈገግ ያሉት።

ይኸው እዪው እንግዲህ፣ ከዚህ ይታይሻል፣ ያ አረንጓዴው መሃል ላይ። ሦስተኛ ክረምቱ ነው። መድኃኒት የግድ ሲሆን ብቻ፣ እሱም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አበባው ተዘግቶ። ዱባው በራሱ ያፈራል። ክሽክሹ አልጠፋም፣ ግን ጢንዚዛዋም መጥታለች፣ ይተዳደራሉ። ጣዝማም ተመለሰች! መኪያ ናት ያገኘቻት፣ ሾላዋ ሥር፣ ቀዳዳዋን። መኪያም በጊዜዋ ወለደች፣ ሴት ልጅ፣ ይኸው ፌንጣ ስታሳድድ ትውላለች። እሱ ከዱባው ጋር አይገናኝም፣ አላህ ሲፈቅድ ነው። በከንቱ እኔው አገናኝቼው ነው እንጂ... ሰፈሩ ማለቴ ነው፣ ሰፈሩ አገናኝቶት። ይኸው መጣች ራሷ! ነይ መኪያ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ ስላንቺ ነው የምናወራው። ሳትዋሺ ንገሪያት፣ አንድ የሳትኩት ነገር አለ?

"የለም አባባ፣ በደንብ ነው የነገሯት። ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። አንዷን ብቻ ዘለሏት።"

የቷን?

"ያን ጊዜ ዱባው መርገፍ ሲጀምር፣ ማሳው መሃል ብቻዎን ቆመው ነበር። አንዱን ዱባ አንስተው ወረወሩና፣ 'ይች ልጅ እግረ ደረቅ ሳትሆን አትቀርም' አሉ። እኔ ሾላዋ ኋላ ነበርኩ፣ ውሃ ይዤልዎት መጥቼ። ከሰፈር አይደለም የወጣው አባባ። ማታ ለእማማ ነገሯት፣ ከዚያ ነው ሰፈር የገባው።"

አንቺ... ሰምተሽ ነበር?

"ሰምቼ ነበር።"

ይህን ሁሉ ዓመት? ለአባትሽስ ያልነገርሽው?

"ብነግረው ያን ዕለት ይወስደኝ ነበር። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈለግኩም።"

እ... ልጄ፣ ስልኩ እየሰማ ነው? ይሰማ። አትሰርዢው። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ይማም፣ ወሰኑን ያረስኩትም እኔ፣ በልጅቷ ያሳበብኩትም እኔ። ጥፋቴን መሸከም ከብዶኝ እግሯ ላይ ጣልኩት። መኪያ፣ አውፍ በይኝ።

"ድሮ አውፍ ብያለሁ አባባ። እንዲነግሯት ብቻ ነው የፈለግኩት።" (ሳቀች፣ እሳቸውም እንባቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ሳቁ።) "አንቺም እህቴ፣ ስትጽፊው ይህችኛዋ እንዳትጠፋብሽ። ቀይ ክር እሰሪባት።"